አባቴ የልብ ድካም አለበት፣ ቤታችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ምጣድ ነው፤ ውኃ ልስጠው ወይስ ልከልክለው?

የኮዬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። የመጨረሻው ፎቅ ማለት ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። አባቴ 68 ዓመቱ ነው። የልብ ድካም አለብህ ከተባለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጠዋት ላሲክስ 40 (ሽንት የሚያስወጣውን ኪኒን) ይወስዳል፣ ስፓይሮኖላክቶን 25፣ ኢናላፕሪልና ካርቬዲሎልም አለው። ክረምቱን ደህና ከርሞ ነበር። መጋቢት ከገባ ወዲህ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልተቻለም፣ ግድግዳው ራሱ እጅ ያሞቃል።

ትናንት ከሶፋ ሲነሳ ዞረበትና በሩን ይዞ ቆመ። ጎረቤታችን (ደግ ሴት ናት፣ አትፍረዱባት) "ውኃ አልቆበት ነው" ብላ አንድ ሊትር ሙሉ ኦአርኤስ (የተቅማጡን ዱቄት) በጥብጣ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ደግሞ ባለፈው ቀጠሮ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ እንዳያልፍ ብሎናል። አባቴ ደግሞ ሁዳዴን ይዞ እስከ 9 ሰዓት ጠብታ አይቀምስም። ቀጠሮው ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ግማሹ ሰው አጠጪው ይላል፣ ግማሹ እግሩ ያብጣል ይላል። ኦአርኤሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ እኔም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ጀሞ ሦስት | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ይቅርታ አድርጊልኝና አዲስ አበባ ውስጥ ምን ሙቀት አለ? ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን? አፋር ያሉ ሰዎች ቢያነቡሽ ይስቁብሻል። ስልኬ ዛሬ 27 ዲግሪ ነው ያለው። አባትሽን ጾሙ ነው የያዛቸው፣ ዕድሜም አለ።

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

ጀሞ ሦስት፣ ስልክህ የሚነግርህ የውጩን አየር ነው። ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍል ውስጥ ገብቶ አይለካልህም።

ነርስ ነኝ፣ የልብ ሕሙማን ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አልቀንስም አልጨምርም፣ ይሄን ቀድሜ ልበል። ሰውነት ሲሞቀው ያልበዋል፣ ደሙን ደግሞ ወደ ቆዳ ይልከዋል፣ ሙቀቱ በዚያ በኩል እንዲወጣለት። ደም ወደ ቆዳ ሲፈስ ግፊት ይወርዳል። ያንን ለማካካስ ልብ ቶሎ ቶሎና በብዛት መርጨት አለበት። ያንተ ልብ ሳታውቀው ያደርገዋል። የደከመ ልብ ግን ቁጭ ብሎም አቅሙን ጨርሶ ነው የሚሠራው፣ ትርፍ የለውም። መድኃኒቶቹን ደግሞ ጨምርበት። ካርቬዲሎል ልብ እንዳይሮጥ ይይዘዋል፣ ኢናላፕሪል የደም ሥር ያላላል፣ ላሲክስ ውኃ ያስወጣል፣ ላቡም ውኃ ያስወጣል። ሁሉም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ ዕድሜ የሚያረዝሙ ናቸው፣ ግን የታዘዙት አባባ ምጣድ ላይ እንደሚቀመጡ ታስቦ አይደለም። ለዚህ ነው አንተን ጃኬት ብቻ የሚያስወልቅህ ሙቀት እሳቸውን የሚያዞራቸው።

አውሮፓ ውስጥ በ2003 በነበረው ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰው እንደሞተ ይታወቃል። አብዛኛው ፀሐይ ላይ ሲሠራ የወደቀ ጎረምሳ አይደለም። ልቡ ወይም ሳንባው የታመመ፣ ቤቱ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው የሚበዛው።

የኮዬ ልጅ፣ እህቴ፣ ውኃውን ትተሽ አንድ ነገር መልሺልኝ። ሚዛን አላችሁ? አባባን መቼ ነው የመዘናችኋቸው? እግራቸው ላይ ጣትሽን ስትጫኚ ይሰረጉዳል? ማታ በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?

የኮዬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሚዛኑ አልጋ ሥር ነበር፣ አወጣሁት። አሁን 61.2 ነው። ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ሚዛን መዝኖት ካላንደር ላይ 63.8 ብሎ ጽፏል። እግሩ አላበጠም፣ እንዲያውም የካልሲው ምልክት ጠፍቷል። በአንድ ትራስ ነው የሚተኛው፣ ሳልም የለውም። አፌ ደረቀ ይላል። ሽንቱ ጥቁር ሻይ መስሏል።

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡34

አየሽ፣ ሚዛኑ መለሰልሽ። ኪሎ የቀነሰው፣ እግር የደረቀው፣ ሲቆሙ የሚያዞረው፣ ሽንት የጠቆረው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚያመለክተው፤ ውኃ ያነሳቸው ይመስላል። ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ኪሎ ጨምረው፣ እግር አብጦ፣ ማታ ተኝተው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ትሰሚ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ መጨመር ቀጠሮ የማይጠበቅበት ነገር ነው። እንዲህ መቀነሱም እንደዚያው።

ዛሬ ማታ ሐኪሙ የፈቀደውን ያህል በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ከተቀመጡበት ሲነሱ በዝግታ፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ነገ ጠዋት ላሲክሱን ከመዋጣቸው በፊት ክትትል ክፍሉ ደውይ፣ ካልተነሳ በአካል ሂዱ። ተቀምጠውም ቆመውም ግፊታቸው ይለካ። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ጠይቂ፣ አስቡበት በያቸው። ላሲክሱን በራስሽ እንዳታቆሚ። የአንድ ሊትር ተኩሉን ነገር ደግሞ ጠይቂያቸው፤ ያ ገደብ የተሰጠው ምናልባት በብርድ ወቅት ነው፣ በሙቀት ሐኪም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሌሊቱን ግራ የተጋባ ነገር ከተናገሩ፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ጠዋትን አትጠብቂ። ቀይ መስቀል 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939።

ፋርማሲ ቤት | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ኦአርኤሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ እኔ ጋ በየቀኑ ሰው ለሽማግሌ ብሎ ይገዛዋል። አንድ ሊትር ኦአርኤስ ውስጥ 2.6 ግራም ጨው አለ። 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድም አለው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ነፍስ አዳኝ ነው። አባትሽ ግን ጨው ቀንሱ የተባሉ ሰው ናቸው። ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ደግሞ ሁለቱም ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ውኃ ያነሰው ኩላሊት በላዩ ሲጨመር ፖታሲየሙ መውጫ ያጣል። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ አይጠጡት። ተቅማጥና ትውከት ከመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያን ጊዜ ሐኪሙ ራሱ የትኛው መድኃኒት ለጊዜው ይቆም እንደሚል መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛ ነገር። ሙቀት ራስ ምታት ያመጣል፣ ሰው ደግሞ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝቶ ይውጣል። ልብ ድካም ላለበት ሰው እነዚህ ጨውና ውኃ ያስቀራሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ፣ ውኃ ሲያንስ ዲጎክሲኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ቢጫ መምሰል ሲጀምር ቶሎ መታየት ነው። ዳፓግሊፍሎዚን (ለስኳርም ለልብም የሚሰጠው ኪኒን) የተጀመረላችሁም ውኃ በሽንት ስለሚወጣ ያው ጥንቃቄ።

ኪኒኖቻችሁን ደግሞ መስኮት ላይና ቴሌቪዥን ላይ አታስቀምጡ። መኪና ውስጥማ በጭራሽ።

ድሬ ደርሼ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

እኔ ተቃራኒውን ልንገራችሁ፣ ሰው አንዱን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ። እኛ ለገጣፎ ነን። ባለፈው ዓመት ግንቦት ለሠርግ እናቴን ድሬዳዋ ወሰድኳት። ልቧ ደካማ ነው። አውቶቡስ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራት ብላ ላሲክሷን ሳትነግረኝ ተወችው፣ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ደርሰንም ሁለተኛውን ቀን ዘለለችው፣ ሠርግ ቤት ሽንት ቤት ወረፋ ነው ብላ። ከዚያ ሙቀቱ። የዘመድ ሁሉ ምክር "ጠጪ፣ ጠጪ" ነው። ውኃ፣ አምቦ ውኃ፣ ጁስ፣ ሾርባ፣ እንግዳ ነሽ እየተባለ በየቤቱ። የሠርግ ወጥ ጨዉን ታውቁታላችሁ። በአራተኛው ሌሊት ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ መተኛት አቅቷታል፣ ትስላለች፣ እግሯ እንደ ጋን አብጧል። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች።

እዚያ ያለው ዶክተር ያለኝን አልረሳውም። ሙቀቱ ብቻውን አይደለም ያመጣው፣ የተዘለለው ላሲክስና ጨዉ ነው አለኝ። ደግሞ ከአዲስ አበባ ደጋ ወርዶ ድሬ ላይ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ በደረስን ማግሥት ነው ዳንኪራ የገባነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን ብትጠይቁት ኖሮ የኪኒኑን ሰዓት ከመንገዱ ጋር ያስማማላችሁ ነበር አለ። ሰዓቱን ማዛወር እንደሚቻል እንኳን አላውቅም ነበር።

ሰበታ ዳር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10

እኛ ፎቅም የለን፣ የጭቃ ቤት ቆርቆሮ ክዳን ነው። መብራቱም ሄድ መጣ ነው። አጎቴን እንዴት እንደምንይዘው ልንገርሽ፣ ብር አይፈልግም። የኛ አገር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ያ ትልቅ ነገር ነው፣ ድሬ ያለ ሰው የለውም። ማታ መስኮትና በር እንከፍታለን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሆን እንዘጋለን፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል መጋረጃውን ከውጭ ነው የምንሰቅለው፤ ከውስጥ ከሰቀልሽው ሙቀቱ ገብቶ ጨርሷል። እንጀራ የሚጋገረው ሲነጋ ነው። ከሰዓት ቡና እሱ ባለበት ክፍል አይፈላም፣ ከሰሉ ሙቀቱም ጭሱም ይገድላል፣ ውጭ እናፈላለን፣ እሱም ውጭ ጥላ ሥር ይጠጣል።

ሲሞቀው ነጠላ አርሰን ጠምቀን አንገቱና ክንዱ ላይ እናደርጋለን። እግሩን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ። ይሄ ሳይጠጣ የሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው፣ ለሱ ዓይነት ሰው ደግሞ የሚፈለገው ይሄ ነው። ማራገቢያ ካላችሁ ከእርጥቡ ነጠላ ጋር አብሮ ሲሆን ይሠራል።

ደግሞ ውኃ ስትመጣ ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ እንዳይሸከምልሽ ጠብቂው። የኛዎቹ ሽማግሌዎች "አልደከምኩም" ብለው ነው የሚወድቁት።

ጀሞ ሦስት | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40

እሺ፣ የማታውን ቃሌን አንስቻለሁ። ጀሞ አክስቴ አለች፣ የልብ መድኃኒት ትወስዳለች፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ በር ዘግታ ነው የምትቀመጠው። ብርድ ይመታኛል ትላለች። ምን ይደረጋል?

ሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

ትልልቅ ሰዎች ሙቀቱ ቶሎ አይሰማቸውም፣ ጥማቱም እንደዚሁ ዘግይቶ ነው የሚመጣባቸው። ስለዚህ "ሞቆኛል" እስኪሉ አትጠብቅ። ጋቢውን በቀጭን ነጠላ ለውጥላቸው፣ አንገታቸውን በእጅህ ዳስሰው። ቆዳቸው እሳት ከሆነ፣ የሚናገሩት ከተዘበራረቀ፣ ያ በሙቀት መመታት ነው፤ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ልብስ አውልቀህ ውኃ እያፈሰስክ እያራገብክ አምቡላንስ ጥራ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አታጠጣ።

የሰንበት ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡30

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰላትም። ዲያቆን ነኝ። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው መድኃኒቱን በውኃ እንዳይውጥ አትከለክልም፤ የንስሐ አባቱን ያናግር፣ ይፈቱለታል። ችግሩ ሽማግሌዎቻችን ሳይጠይቁ ነው የሚጾሙት። ሰሞነ ሕማማት ሲመጣ ደግሞ ስግደቱ አለ። ፀሐይ ላይ፣ ባዶ ሆድ፣ ላሲክስ ተውጦ፣ መቶ ጊዜ መውደቅና መነሳት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲወድቁ ያነሳኋቸው አሉ።

ጸበልም ላይ አንድ ቃል ልበል፣ አትቆጡኝ። በእምነት የሚጠጣ ኩባያ አለ፣ ሦስት ሊትር ጠጥቶ መድኃኒት ማቆም ደግሞ አለ። ልብ ድካም ያለበት ሰው የጠጣው ጸበል ከቀኑ ፈሳሽ ውስጥ ይቆጠራል።

እመት ዘይነባ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

በኛም እንደዚሁ ነው ልጆቼ። ቁርኣን ላይ የታመመ በሌላ ቀን ይጹም ተብሏል፣ ያም ካልቻለ ሚስኪን ያበላል። እኔ ራሴ የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ረመዳን ሳይገባ ነው ሐኪሜን የምጠይቀው። ልጄ ሐጅ ልውሰድሽ ሲለኝ በ2024 መካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሐጃጅ እንደሞተ ሰምቼ መጀመሪያ ልቤን ላሳይ አልኩት። አላህ ቢያገናኘን አባትሽን "ሐኪም መጠየቅ እምነት ማነስ አይደለም" እላቸው ነበር።

የኮዬ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡25

ተመለስኩ። ትናንት ወሰድነው። መውረዱ ራሱ ፈተና ነበር፣ አራት ፎቅ በየደረጃው ቁጭ እያለ። ግፊቱ ተቀምጦ 100 በ60፣ ሲቆም 82 በ50 ሆነ። ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ 5.4 መጣ። ሐኪሟ ላሲክሱን ለጊዜው ወደ ግማሽ አወረደችው፣ ስፓይሮኖላክቶኑን እንደገና ደም እስኪታይ አቆመችው፣ በሙቀት ቀን ፈሳሹን ሁለት ሊትር ድረስ ፈቀደች። በሳምንቱ ተመለሱ ብላናለች። ይሄ የሱ ነው፣ የምታነቡ ሰዎች ለራሳችሁ እንዳትገለብጡት አደራ። ኦአርኤሱን ስነግራት "አለመስጠትሽ ጥሩ" ብቻ ነው ያለችው።

የጠቀመን ነገር ካላንደሩ ላይ የተጻፈችው ቁጥር ናት። ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው እሷን ነው። አሁን ከ62.5 በታች ከወረደ ወይም ከ64.5 ካለፈ ደውሉ ብላ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችን፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ፈሳሹን ለመቁጠር ያገኘነው ዘዴ ይሄ ነው። ጠዋት ባለሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ከሱ ብቻ ነው የሚጠጣው። ሻይ ወይም ሾርባ ከጠጣ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ቀድቼ ለአበባው አፈሳለሁ። ቡናም እንደዚያው፣ በሲኒው ልክ። እሱ መጀመሪያ "እስር ቤት ነው እንዴ" አለ፣ አሁን ራሱ ነው የሚቀዳው፣ እንዲያውም እያጭበረበረ ሲኒውን በግማሽ ይቀዳል።

ጾሙን አልተወም። የንስሐ አባቱ ግን ስልክ ደውለውለት ከጠዋት ጀምሮ ውኃህን ጠጣ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ተከልከል አሉት። ተስማማ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

ፋርማሲ ቤት | ሐሙስ፣ ማታ 1፡50

ጥሩ ነው። የጾም ወጡም ጨው እንዳለው አትርሺ። ሽሮ ስትሠሩ የሱን ጨው ሳትጨምሩ ቀድማችሁ አውጡለት። ጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ አትግዙ፣ አብዛኛው ፖታሲየም ነው።

የኮዬ ልጅ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡40

ከሰዓት ከሰዓት አሁን አንደኛ ፎቅ እኅቴ ቤት እናወርደዋለን፣ እዚያ ቀዝቃዛ ነው፣ ከዘበኛው ጋር ዳማ ይጫወታል። 10፡30 ሲሆን ፀሐዩ ሲበርድ ነው የሚወጣው፣ በየፎቁ አርፎ።

ግን ዛሬ ጠዋት መዘንኩት 64.1 አለ። ትናንት 62.9 ነበር። እግሩ አላበጠም፣ ትንፋሹም ደህና ነው። ደነገጥኩ። ልደውል?

ሌሊት ተረኛ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡52

በሌሊት ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ። መጀመሪያ ሚዛኑን እዪው። ባዶውን ስንት ይላል? የተቀመጠውስ ምንጣፍ ላይ ነው ሲሚንቶ ላይ?

የኮዬ ልጅ | እሑድ፣ ጠዋት 3፡01

ባዶውን 1 ኪሎ ላይ ቆሟል! ወንድሜን ስጠይቀው ትናንት ማታ ጤፍ መዝኜበታለሁ አለ። ሃያ ኪሎ ጤፍ ወርውሮበት።

ሌሊት ተረኛ | እሑድ፣ ጠዋት 3፡04

ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ጎማ አዙሪና ዜሮ ላይ መልሺው። ሲሚንቶ ላይ አድርጊው፣ ከሸኑ በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በዚያው ቢጃማ እንደገና መዝኛቸው። በልተው ከሆነ ግን ነገ ጠዋት። ያን ጊዜም ከመስመሩ ካለፈ ደውይ።

የኮዬ ልጅ | እሑድ፣ ጠዋት 3፡15

63.1። ጤፉ ከዛሬ ጀምሮ ሱቅ ይመዘናል።